የግራዝማች ደረት

ግራዝማች ወልደሐና ሲመጡ ደረታቸው ይቀድማቸዋል። አንድ ቀን ምስላቸው በቆርቆሮ ተሠርቶ ገበያው መሀል እንዲቆም አዘዙ። ሥራው የደረሰው የቆርቆሮ ቅጥቀጣ ሙያን ከጀመረች ዓመት ላልሞላት አንዲት ምላሰኛ ሴት ነበር። ቆርቆሮውን ከጀርባው በመዶሻ እየመታች ደረታቸውን ወደ ፊት አወጣችው። አለቃዋ «ድምፁ መቅጠን ሲጀምር አቁሚ፤ ቆርቆሮው ሳስቷል ማለት ነው» ብሎ አስተምሯታል። ግራዝማች ግን በየቀኑ ብቅ እያሉ «አነሰ፤ ጨምሪበት» ይላሉ። «ይበቃዋል ጌታዬ» ብትል ማን ሰምቷት። ጨመረች።

በምርቃቱ ቀን ግራዝማች ሕዝቡ ፊት የምስሉን ደረት በከዘራቸው መታ መታ ቢያደርጉት፣ ከዘራው በስቶት ገባ። ሰው ሁሉ ሳቁን ዋጠ።

«ተናገሪ» አሉ ግራዝማች። «ጥፋቱ የእጅሽ ከሆነ አንቺ ትገረፊያለሽ። የቆርቆሮው ከሆነ ደግሞ መርጦ የገዛው አለቃሽ ይገረፋል።»

ሴትዮዋ ከዘራውን ነቅላ፣ እጅ ነስታ በሁለት እጇ አቀበለቻቸው።

«ጌታዬ፣ እጄም ቆርቆሮውም ደህና ናቸው። ‹ጨምሪበት› ከማለትዎ በፊት የሠራሁት እርስዎን ነበር፤ እሱን በቅሎ ብትረግጠውም አይበሳም ነበር። ይኼኛው ግን እርስዎ ነኝ የሚሉት ሰውዬ ነው፤ የራስዎን ከዘራ እንኳ አልቻለም።»