ለሁሉም የተከፈተው ፋይል

አንድ እምቢ ማለት የማይሆንለት ሰው ነበር። ስሙ አንዳርጌ ይባላል፤ ውሃ በፈረቃ በሚታደልባት አንዲት ከተማ፣ በውሃ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የኮምፒውተሮቹ ጠባቂ ነው። ለምኖት አፍሮ የተመለሰ ሰው የለም። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ማለት ይወዳል፤ ሰውም ለዚሁ ይወደው ነበር። እሱ ደግሞ መወደዱን ከልክ በላይ ወደደው፤ ነገር የተበላሸውም ከዚያ ነው።

የከተማዋ ውሃ የሚወርደው ኮረብታው ላይ ካለው ትልቅ ማጠራቀሚያ ነው። ወደየሰፈሩ የሚሄደውን ቧንቧ የሚከፍተውና የሚዘጋው ኮምፒውተር ሲሆን፣ ኮምፒውተሩም የሚታዘዘው አንድ ፋይል እያነበበ ነው። የፈረቃ ፋይል ይሉታል። የትኛው ሰፈር በየትኛው ቀን ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ውሃ እንደሚያገኝ እዚያ ላይ ተጽፏል። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ ፋይሉን ማየት ይችላል፤ መለወጥ የሚችሉት ግን የስርጭት ኃላፊዋ ወይዘሮ የሺሐረግ ብቻ ነበሩ። እሳቸው ጠዋት ጠዋት ኮረብታው ላይ ወጥተው፣ የቀረውን ውሃ በዓይናቸው አይተው፣ እዚያው ባለችው ክፍል ቁጭ ብለው ነው ፈረቃውን የሚጽፉት። ፊታቸው በቀላሉ አይፈታም። ስለዚህ ሰው እሳቸውን መለመን ትቶ ወደ አንዳርጌ ይመጣል።

መጀመሪያ የመጡት የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ እትዬ ስመኝ ነበሩ።

«አንዳርጌ ወንድሜ፣ ጎረቤቴ ጥሩዬ ባሏ ሞቶባታል። ያ ጣውላ ሻጩ፣ ታውቀዋለህ። ድንኳን ተጥሎ ለለቀስተኛው እጅ ማስታጠቢያ እንኳ የለም። ለሰፈራችን ትንሽ ሰዓት ልጨምር፣ ፋይሉን ክፈትልኝ።»

«ወይዘሮ የሺሐረግን ለምን አይጠይቋቸውም?»

«እሳቸው እምቢ ይላሉ። አንተ ግን ሰው ነህ።»

ሰው ነህ የተባለ ሰው ምን ይላል? ከፈተላቸው። እሳቸውም ለለቅሶ ቤቱ ሰዓት ጨመሩ፣ መረቁት፣ ሄዱ። በማግስቱ ቆጣሪ አንባቢው ክርስትና አለብኝ ብሎ መጣ። ከዚያ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ ሠርግ አለብኝ አለ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ቢያድግልኝም አንድ ቀን ብቅ ብለው፣ ላይ ሰፈር የሚኖሩት እናታቸው አልጋ ከያዙ ወዲህ ልብሳቸው በየቀኑ እንደሚታጠብ ነገሩት። አንዳርጌ ለአንዱ ከፍቶ ሲዘጋ ሌላው በሩ ላይ ቆሟል። ቀጠሮ የሰጠው እንደሆነ ደግሞ ቅያሜ ነው፤ «እሳቸውን አምነህ እኔን ጠረጠርከኝ?» ይሉታል። በዚያ መሥሪያ ቤት ፋይል መከልከል ሌባ ከመባል አይለይም ነበር።

በመጨረሻ ሰለቸው። አንድ ጠዋት ትዕዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት ጥቁር ስክሪን ፊት ተቀመጠ። በዚያ ስክሪን ላይ ለእያንዳንዱ ፋይል ማን ያየዋል፣ ማን ይለውጠዋል፣ ማን ያስነሳዋል የሚለው ይወሰናል፤ ውሳኔውም ለባለቤቱ፣ ለባልደረቦቹና ለተቀረው ሰው ሁሉ ለየብቻ በቁጥር ይሰጣል። ሙሉ ፈቃድ ሰባት ቁጥር ነው። አንዳርጌ ሦስት ሰባት ደርድሮ ጻፈ። ለባለቤት ሰባት፣ ለባልደረባ ሰባት፣ ለማንም ሰባት። ኮምፒውተሩ «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብሎ እንኳ አልጠየቀውም። መስመሩን ተቀብሎ ዝም አለ።

ከዚያን ቀን ወዲህ አንዳርጌን የሚያስቸግር ጠፋ። ሁሉም በየክፍሉ ሆኖ ለሰፈሩ ሰዓት ይጨምራል። ከሌላው ላይ የቀነሰ አንድም ሰው አልነበረም፤ ክፋት ያሰበም አልነበረም። የሚጨምሩት ለለቀስተኛ፣ ለአራስ፣ ለሙሽራ፣ ለታመመ ነው። ኮሪደሩ ላይ «ተባረክ፣ አንተን የወለደች ትባረክ» ይሉታል፤ እሱም አንገቱን ሰበር አድርጎ ፈገግ ይላል። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።

ወይዘሮ የሺሐረግ ነገሩን ለማወቅ አልዘገዩም። አንድ ቀን ከኮረብታው ወርደው ቀጥ ብለው ቢሮው ገቡ።

«አንዳርጌ፣ ጠዋት የጻፍኩት ከሰዓት በኋላ አይገኝም። ማን ነው የሚነካብኝ?»

«ጥቂት ጥቂት ነው የሚጨምሩት፣ እትዬ። ብከለክላቸው ይቀየሙኛል።»

«ማጠራቀሚያው ይሉኝታ አያውቅም፣ ልጄ። ሲያልቅበት አልቋል ነው የሚልህ። ዝጋው።»

«እሺ» አላቸው። ለእሳቸውም እሺ ነበር የሚለው። ግን ከመዝጋቱ በፊት ለሰዎቹ በደግ አፍ ሊነግራቸው አሰበ፤ ሊነግራቸው ሲል ደግሞ የአንዱ ተዝካር፣ የሌላው ሠርግ ደረሰ። ይኼ ይለፍና፣ ያኛው ይለፍና እያለ ከረመ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የምናስታውሰው ከተቃጠለ በኋላ ነው።

የአንዳርጌ ሚስት ትሁኔ ያን ሰሞን የመውለጃዋ ቀን ደርሶ ነበር። ቤታቸው ሩቅ ስለሆነ፣ ነፍሰ ጡሮች ምጥ እስኪመጣ በሚቆዩበት በጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ገብታለች። ማቆያው ከገበያው የጣውላ ተራ ጀርባ ነው፤ የሚለየው አጥር ብቻ ነው።

ነፋስ በበረታበት አንድ እኩለ ቀን ከጣውላ ተራው ጭስ ተነሣ። አንዳርጌ በመስኮት አየው። መጀመሪያ ቆሻሻ የሚያቃጥሉ መስሎት ነበር፤ ጭሱ ጠቁሮ ሲወፍር ግን የእሳት አደጋ መሆኑ ገባው። የከተማዋ አንድ ለናቱ የሆነችው የእሳት አደጋ መኪና እየጮኸች ስታልፍ ሰማ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። የደወሉት ወይዘሮ የሺሐረግ ነበሩ፤ ከኮረብታው ላይ ናቸው።

«መኪናዋ ከገበያው ቧንቧ ጋር ተገጥማ አየር ብቻ ነው የምትስበው። ማጠራቀሚያው ከሥሩ ደርሷል፤ የቀረው ውሃ ጉልበት አያረጥብም። እኔ እዘጋለሁ፣ ከመቅጽበት ይከፈታል። እዚያ ያለኸው አንተ ነህ። ሌላውን ሁሉ ዝጋና ገበያውን ብቻ ልቀቅ!»

አንዳርጌ ፋይሉን ከፈተ። ሁሉንም ዘጋ። ዓይኑን ሳይነቅል የታች ሰፈር ተከፈተ። ዘጋው። የምሥራቁ ተከፈተ። በኮሪደሩ ግራና ቀኝ በየክፍሉ የኪቦርድ መንጫጫት ይሰማል፤ ሁሉም እሳት መነሣቱን ሰምቶ፣ እናቱ ጣራዋን እንድታረጥብ፣ ሚስቱ ጀሪካን እንድትሞላ፣ ለየሰፈሩ ውሃ እየለቀቀ ነው። «አትንኩት! እባካችሁ አትንኩት!» ብሎ ጮኸ። ማንም አልሰማውም። እሱ ይጽፋል፣ ይሰረዝበታል፤ ኮረብታው ላይ ያለችው ውሃ ደግሞ በየአቅጣጫው እየተንጠባጠበች ታልቃለች።

አቶ ቢያድግልኝ በሩን በርግደው ገቡ። ከረቫታቸው ትከሻቸው ላይ ዞሯል።

«ላይ ሰፈርን ማነው የዘጋው? ነፋሱ ወደዚያ ነው! እናቴ መነሣት አትችልም!»

«ጌታዬ፣ ውሃው የሚበቃው ለአንድ ቦታ ብቻ ነው። ገበያው ላይ...»

ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አዩ። ድምፃቸው ወረደ።

«ገበያ? ይኼ የጻፍከው ገበያ ነው እንዴ? የጤና ጣቢያው መስመር እኮ ነው። ለሚስትህ ነው የከፈትከው። ያንተ ሚስት ሰው ናት፤ የእኔ እናት ምንድን ናት?»

አንዳርጌ የጻፈውን አየ። እውነታቸውን ነው። ገበያውን ክፈት ተብሎ ሳለ ጣቶቹ የጤና ጣቢያውን ቧንቧ ጽፈዋል። በየክፍሉ ያሉትን ሰዎች ሲማጠን እሱ ራሱ ከእነሱ አንዱ ነበር። ያን ጊዜ የተሰማው ኀፍረት ከፍርሃቱ ባሰ።

ጥቁሩን ስክሪን ከፈተ። የማንኛውንም ፋይል ፈቃድ መለወጥ በሚያስችለው በዋናው ጠባቂ የይለፍ ቃል ገብቶ አንድ መስመር ጻፈ። ስድስት፣ አራት፣ አራት። ባለቤቱ ወይዘሮ የሺሐረግ ያዩታል፣ ይለውጡታል፤ ሌላው ሰው ሁሉ ያያል እንጂ አይነካም። መስመሩን ልኮ ከዋናው ጠባቂ ስም ወጣ።

«ምን አደረግህ?» አሉት ሥራ አስኪያጁ።

«እምቢ አልኩ፣ ጌታዬ። ለእርስዎም እምቢ፣ ለእኔም እምቢ።» ስልኩን አነሣ። «እትዬ የሺሐረግ፣ ከእርስዎ በቀር የሚነካው የለም። ይጻፉ።»

በየክፍሉ የነበረው የኪቦርድ ድምፅ ቀስ በቀስ ቆመ። ሰዎች እየወጡ የአንዳርጌ በር ላይ ተሰበሰቡ። ፈረቃው ለሁሉም ይታያል፤ ሁሉም ወደ አንድ ስክሪን ያያል። መስመሮቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ አዩ። ላይ ሰፈር ተዘጋ። የጤና ጣቢያው ተዘጋ። የጣውላ ተራው ሳይቀር ተዘጋ። በመጨረሻ አንድ መስመር ብቻ ተከፈተ፤ የገበያው የእህል ተራ።

«እትዬ!» አለ አንዳርጌ በስልኩ። «ትሁኔ ማቆያው ውስጥ ናት!»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ከዚህ ሆኜ እሳቱን እያየሁት ነው። የጣውላ ተራው አልቆለታል። ነፋሱ አሁን ወደ እህል ተራው ዞሯል፤ እዚያ ካልተቆረጠ ዞሮ ጤና ጣቢያውንም ላይ ሰፈርንም ይበላል። ለሁለት የሚበቃ ውሃ የለኝም።» ስልኩን ዘጉት።

አንዳርጌ የዋናው ጠባቂ የይለፍ ቃል አሁንም በእጁ ነው። አንድ መስመር ቢጽፍ ውሃው ወደ ማቆያው ይሄዳል። አቶ ቢያድግልኝም ያውቃሉ፤ ይችላል ብለው ጣቶቹን ያያሉ። እሳቸው አንድ ቃል ቢያዙት፣ ወይም እሱ አንዴ ቢሸነፍ፣ እንደገና ሁሉም ይጀምራል። አንዳርጌ እጆቹን አንሥቶ ጭኑ ሥር አደረጋቸውና ተቀመጠባቸው። በመስኮቱ በኩል ጭሱ ፀሐይዋን ጋርዷታል። አጠገቡ የቆሙት ሥራ አስኪያጅ «እማምላክ፣ እማምላክ» ይላሉ በሹክሹክታ። ለካስ መጠበቅ እንዲህ ነው፤ ሌላውን ሰው ማመን እንዲህ ነው የሚከብደው።

ስልኩ ሲጮህ ማንሣት አቃተው። ያነሡት አቶ ቢያድግልኝ ናቸው። አዳመጡ፣ ከዚያ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«ቆሟል» አሉ። «እህል ተራው ላይ ቆሟል። ላይ ሰፈር አልደረሰም። እናቶቹንም አዋላጆቹ ሜዳ ላይ አውጥተዋቸዋል፤ የማቆያው አጥር ብቻ ነው የተለበለበው። ሚስትህ ደህና ናት።»

አንዳርጌ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

የጣውላ ተራው ግን አንድ ሱቅ ሳይቀር ወደመ። በማግስቱ አንዳርጌ ከሰው ጋር ሊያጽናና ሄደ። አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት የከሰለ ምሰሶ ሥር ተቀምጣ አገኘ። እትዬ ስመኝ ክንዱን ይዘው ወደ እሷ አቀረቡት፤ «ጥሩዬ፣ አንዳርጌ ማለት ይኸውልሽ» አሏት።

ሴትዮዋ ቀና አለች። ከሟች ባሏ ለልጆቿ የቀረው ያ የጣውላ ሱቅ ብቻ ነበር።

«ለባሌ ለቅሶ ውሃ ያስለቀቅህልን አንተ ነህ አሉኝ» አለችው። «ሰው ሁሉ እጁን ታጥቦ ነው የበላው። እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ። ያንተን ውለታ አልረሳም።»

አንዳርጌ አንገቱን ደፋ። በሕይወቱ የተመረቀው ምርቃት ብዙ ነው፤ እንደዚያ ያለ የከበደው ግን አልነበረም።

ወዳጆቼ፣ «እሺ ይበልጣል ከሺህ» የተባለው እውነት ነው፤ የራሳችን በሆነው ነገር ላይ። የራስህን እንጀራ፣ የራስህን ጊዜ፣ የራስህን ጉልበት ለለመነህ ስጥ፤ ትባረካለህ። እንድትጠብቀው በአደራ የተሰጠህን የሌላውን ነገር ግን በይሉኝታ ብትከፍተው ቸር አይደለህም፤ የማታውቀውን ሰው የነገ ውሃ ለዛሬ ምርቃት ሸጠኸዋል። እምቢ ማለት የሚገባው ሰው እምቢ ሳይል ሲቀር፣ ያ እምቢታ የትም አይጠፋም። አንድ ቀን እሳት ፊት ለቆመ ሰው ደረቅ ቧንቧ ሆኖ ይደርሰዋል።

እስቲ እርስዎም ያስቡት፤ ሰው እንዳይቀየምዎ ብለው ለሁሉም የከፈቱት በር የትኛው ነው? በችግሩ ቀን መጥቶ ባዶ የሚያገኘውስ ማን ይሆን?