ድምፅዋን በጥሪ የጨረሰችው ዋኖስ

ተረቴን ልጀምር፤ እናንተም ጆሯችሁን አውሱኝ።

አንዲት ዋኖስ ነበረች። በየማታው ዋርካ ላይ ተቀምጣ ቀን ያየችውን ሁሉ ታወራለች። ጨዋታዋ ይጣፍጣል፤ የሚሰማት ግን ጭነት ሲያጎብጠው የዋለ አንድ ሽማግሌ አህያ ብቻ ነበር።

አውራ ዶሮ ይህን አይቶ ሳቀባት። «ለአንድ አህያ ብለሽ ትደክሚያለሽ? ዙሪና ጥሪ እንጂ! ካልጠራሽ ማን ያውቅሻል?»

«ድምፄ ቀጭን ነው፣ አያ አውራ ዶሮ» አለችው።

«ጮኸሽ አታውቂማ! ስትጮኺ ይወፍራል።»

ዋኖስ አመነችው። ከኮረብታ ኮረብታ እየበረረች «ጨዋታ አለ፣ ኑ ስሙኝ!» ስትል ከረመች። አህያው በየማታው እየመጣ ባዶውን ዋርካ አይቶ ይመለሳል።

በመጨረሻ ጥሪዋ ሰመረላት። ዝንጀሮው፣ ሚዳቋዋ፣ ጅግራዋ ሳትቀር ከዋርካው ስር ተሰበሰቡ። ዋኖስ ልታወራ አፏን ከፈተች። ከጉሮሮዋ የወጣው ግን እንደ ደረቅ ቅጠል ኮሽታ ያለ ድምፅ ብቻ ነበር። እንግዶቹ ጥቂት ጠበቁና እያጉረመረሙ ተበተኑ። አውራ ዶሮም አብሯቸው ሄደ።

አህያው ብቻ ከተኛበት አልተነሳም። ዋኖስ ክንፎቿን ጥላ በሹክሹክታ «ሂድ አያ አህዮ፣ የማወራልህ የለኝም» አለችው።

«ወዴት ልሂድ? እኔም ደክሞኛል፣ እመት ዋኖስ» አላት። «ዛሬ አንቺ አርፈሽ ስሚ። እኔ ስለ መንገዱ ላጫውትሽ።»

ዋኖስ ዓይኗን ጨፈነች፤ አህያውም ቀስ ብሎ ከጠዋቱ ጭነት ጀመረላት።

ተረቴም እዚህ አረፈች፤ እናንተም እረፉ።