የሃርላን ምንጭ

ጆሮ ስጡኝ ልጆች፣ እኔም ተረት ልስጣችሁ።

በድሮ ዘመን፣ ከታላቁ ባሕር ማዶ፣ አሜሪካ በሚሉት አገር፣ ዌንዴል የሚባል ገበሬ ነበረ። ኦፓል የምትባል ሚስትና ዊላ የምትባል አንዲት ልጅ ነበሩት። በዚያ አገር ንጉሥ የለም። ሕዝቡ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ እጁን ያወጣል፤ ብዙ እጅ የወጣለት ነገር ሕግ ይሆናል። ሕዝቡ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው አንድ ቃልም ነበረው፦ «ሠርቶ ያልከበረ የለም፤ ድሃ ማለት ሰነፍ ነው።» እውነት ይሁን አይሁን የጠየቀ ሰው የለም።

የመንደሩ ንጹሕ ምንጭ አንድ ብቻ ነበር። እሱንም ሃርላን የሚባል ባለጸጋ አጥሮታል። ሌላው ሰው የሚጠጣው የረግረግ ውሃ ነው።

አንድ ዓመት ሎሬታ የምትባል መበለት በጉባኤው መካከል ተነሣችና፣ «ምንጩ የሁላችን ይሁን» አለች።

ሃርላን ወደ ዌንዴል ጠጋ አለ። «አንተ ጎበዝ ሠራተኛ ነህ። ነገ የራስህ ምንጭ ይኖርሃል። ያን ጊዜ ቢነጥቁህ ትወዳለህ?»

«አልወድም» አለ ዌንዴል። ተነሥቶም ይህንኑ ለሕዝቡ ተናገረ። አንደበተ ርቱዕ ነበርና ሰው ሁሉ ተከተለው። ምንጩ እንደታጠረ ቀረ። በዚያ በጋ የዌንዴል በሬዎች የረግረጉን ውሃ ጠጥተው አለቁ። እሱ ግን ላላገኘው ምንጭ የአጥር እንጨት እየቆረጠ ከቤቱ ጀርባ ይከምር ነበር።

በዓመቱ ሎሬታ ዳግመኛ ተነሣች። ሃርላንም ዳግመኛ ጠጋ ብሎ፣ «ነገ» አለው።

ኦፓል የባሏን እጅጌ ያዘች። «ሆዴን እያመመኝ ነው። እባክህ ዛሬ ዝም በል።»

«ትንሽ ታገሺ፤ ልንደርስ ነው» አላት። ተናገረ፤ ሕዝቡም ተከተለው። ኦፓል ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች።

ዌንዴል በሬ የለው፣ በዶማ ቆፈረ። ጀርባው እስኪጎብጥ ሠራ። ምንጭ አላገኘም።

በሦስተኛው ዓመት ዊላ ታመመች። ሕመሙ የእናቷ ሕመም ነበር። ያን ጊዜ ዌንዴል ከሎሬታ ጎን ቆመ።

«ወገኖቼ፣ ተሳስቼ አሳሳትኋችሁ። ምንጩን አስከፍቱልኝ። ልጄ ልትሞትብኝ ነው።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጎረቤቱ፣ «ዌንዴል፣ አንተ ደክሞህ ይሆናል። እኛ ግን ነገ የየራሳችን ምንጭ ይኖረናል» አለው። ከሁለቱ በቀር እጅ ያወጣ አልነበረም።

ዌንዴል ልጁን ታቅፎ በሃርላን በር ላይ ቆመ። «አንድ ቅል ውሃ ስጠኝ» አለ።

ሃርላን አልተቆጣም። ድምፁን አለስልሶ፣ «ዛሬ ብሰጥህ ስንፍና አስተማርሁህ ማለት ነው። በርታና ሥራ» አለው። በሩንም ዘጋ።

ዊላን ከእናቷ ጎን ቀበሯት።

ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ከልባቸው አለቀሱለት። ከቀብር ሲመለሱ ግን እርስ በርስ፣ «ምስኪን፣ ትንሽ ጠንክሮ ቢሠራ ኖሮ» ይባባሉ ነበር። ሎሬታ ዌንዴልን ክንዱን ደግፋ ባዶ ቤቱ አደረሰችው።

ልጆቼ፣ አበው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚሉት ለዚህ ነው።