ድንኳን ተካዩ ጓንጉል አፋርኛ ሲማር

ስለ ጓንጉል የሚወራው ብዙ ነው። ግማሹን አያቶቻችን ጨምረውበት ይሆናል፤ እኛም ብንሆን ቀንሰን አናወራም።

ጓንጉል ደጋና ቆላ በሚገናኙበት አንድ የገበያ ከተማ፣ በፊታውራሪ ጥላዬ ቤት ድንኳን ተካይ ነበር። መኳንንቱ እሱ በተከለው ድንኳን ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ እሱ ፀሐይ ላይ ቆሞ ገመዱን ይጠብቃል። ልቡ ግን የቋመጠው ለአንድ ነገር ነው፤ ከፊታውራሪ በስተቀኝ ቆሞ የቆላውን ሰው ነገር በአማርኛ የሚመልስ አስተርጓሚ ለመሆን። ቦታውን የፊታውራሪ ሚስት ወንድም ባላምባራስ ምንዳዬ ይዞታል። ይያዝ እንጂ፣ ጓንጉል ወገቡን ታጥቆ አፋርኛ ሊማር ተነሣ።

የቤቱ ቄስ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። የአባት የእናትህ አማርኛ ምን ጎደለውና ነው በዚህ ዕድሜህ ሌላ አፍ የምትለምደው፣ እግዜር እንደሆነ በአማርኛ ይሰማሃል አሉት። ጓንጉል መስቀላቸውን ተሳልሞ እንዲህ አላቸው፦

«እግዜርማ ዝም ብልም ይሰማኛል አባ፤ ያልሰማኝ ቆለኛው ነው።»

በከተማው አፋርኛ እንደ ውሃ የሚወርድለት አበጋዝ የሚባል ነጋዴ ነበር። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ እንኳን ገንዘቡን ጥላውን የማያስጠልል ንፉግ ነው። አስተምረኝ ቢለው ለእያንዳንዷ ቃል አንድ ማድጋ ማር አምጣ አለው። ጓንጉል በማግስቱ አህያውን ጎትቶ አበጋዝ ደጃፍ ላይ አሰራት። አበጋዝ ደግሞ ሲናደድ የሚሳደበው በአፋርኛ ነው። አህያዋ ባናፋች ቁጥር እየወጣ የስድብ መዓት ያወርዳል፤ ጓንጉል ከአጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ይደግማል። ያልገባችው ስድብ ስትኖርም ይቺኛዋ ለእኔ ናት ወይስ ለአህያዋ ብሎ በትሕትና ይጠይቃል። አበጋዝ የተሠራበትን ሲያውቅ አፉን ያዘ፤ ከእንግዲህ አንዲት ቃል ከእኔ አታገኝም አለው።

«ግድ የለም፤ ስድቡን ተምሬያለሁ፣ ምርቃቱን ስንታረቅ ታስተምረኛለህ።»

እውነትም ሽማግሌ ልኮ ታረቀውና ምርቃቱንም ተማረ። ነገር ግን ስድብና ምርቃት ብቻ ይዞ ሰው ፊት አይቆምም። በጋው ሲገባ ከግመል ነጂዎች ጋር ቆላ ወርዶ፣ የጨው ነጋዴዎቹ አለቃ ከሆኑት ከሽማግሌው ከያዮ ዘንድ አረፈ። ወተታቸውን እየጠጣ፣ ግመላቸውን እያጠጣ፣ ሲሳሳት እየሳቁበት ከረመ። ጠቁሮና ከስቶ ሲመለስ ባላምባራስ ምንዳዬ በሰው ፊት አሾፈበት፤ እኔ በአንድ ክረምት የጨረስኩትን ቋንቋ ለመማር ነው ይህን ያህል የቆየኸው አለው።

«ቋንቋውንማ ቶሎ ጨርሼው ነበር ባላምባራስ፤ የቆየሁት ሰዎቹን ስማር ነው።»

በዚያው ዓመት ከተማው ጨው አጣ። የጨው ግመሎች ድንገት መምጣት ተዉ፤ ፊታውራሪም ጨው ያልነካው ወጥ እየቀረበላቸው ያገኙትን ሁሉ ይቆጡ ጀመር። አንድ ቀን ሽማግሌው ያዮ ገበያ መጥተዋል ሲባል ምንዳዬን ላኩት። ምንዳዬ ከበቅሎው ሳይወርድ፣ ጨው ለምን ቀረ ብሎ ጥርት ባለ አፋርኛ ጠየቃቸው። ያዮ ሰላም ነው፣ ደህና ነን አሉና ፊታቸውን ወደ ግመላቸው መለሱ። ምንዳዬም ተመልሶ ሰውዬው የደበቀው ነገር አለ፣ ወታደር ይሰጠኝና ልሰረው አለ።

ጓንጉል ይህን ሲሰማ ደነገጠ። ወተታቸውን የጠጣላቸው ሽማግሌ ሊታሰሩ ነው፤ እሳቸው ከታሰሩ ደግሞ ጨው ቀርቶ ደም ይመጣል። ፊታውራሪ እግር ላይ ወድቆ፣ ለዛሬ ብቻ እኔን ይላኩኝ ብሎ ለመነ። ፈቀዱለት፤ ባዶ እጅህን ከተመለስክ ግን ቤቴን እንዳትረግጥ አሉት።

ጓንጉል ሄዶ ከያዮ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠ። ስለ ጨው ትንፍሽ አላለም። አፋሮች ሲገናኙ ዳጉ ይቀመጣሉ፤ ያየውንና የሰማውን አንዱ ለሌላው ሳይደብቅ ያወራል፣ ጉዳይ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ጓንጉል የደጋውን ዝናብ፣ የተዳረውንና የሞተውን ሁሉ አወራ። ተራው የያዮ ሲሆን እሳቸውም ከወለደችው ግመልና ከደረቀው ጉድጓድ ጀምረው፣ እያሉ እያሉ መጡና፣ ግመሎች የሚያርፉበትን መስክ የፊታውራሪ ሎሌዎች ለበቅሎ ብለው እንዳጠሩት፣ ማረፊያ ያጡት ግመሎችም ጨዋቸውን እንደተሸከሙ ወደ ሌላ ገበያ እንደዞሩ አወሩ።

ጓንጉል አመሻሽ ላይ ተመለሰ። ፊታውራሪ ቀኑን ሙሉ የግመል መውለድ ስታወራ ዋልክ አሉ፣ ጨዉስ የት ገባ ብለው ጮኹበት።

«ጨዉማ አለ ጌታዬ፤ ከአጥርዎ ውጭ ቀርቷል።»

ነገሩን ሲያብራራላቸው አፈሩ። አጥሩ በማግስቱ ፈረሰ፣ ብዙም ሳይቆይ ግመሎቹ ገቡ፣ የፊታውራሪ ወጥም ጣመ። ጓንጉልን አስጠርተው አስተርጓሚነቱ ያንተ ነው ሲሉት መሬት ሳመ፤ አልቅሷልም ይባላል። ፊታውራሪ ግን ተከዙ። ምንዳዬ የባለቤቴ ወንድም ነው፣ ተሽረሃል የሚለውን ቃል በምን አፌ እነግረዋለሁ አሉ። ጓንጉል እንባውን ጠረገና ሄዶ በቀኛቸው ቆመ።

«እርስዎ እንደመጣልዎ ይናገሩ ጌታዬ፤ ማስተርጎሙ የእኔ ሥራ ነው።»