ያልታጠበው አፍንጫ

በወይራ በር ጫካ የሚጾመው በአዋጅ ነው። ከዝናቡ በፊት ባሉት ደረቅ ሳምንታት ጥርስ ያለው ሁሉ ሥጋ እንዳይቀምስ አንበሳው ንጉሥ ዋርካው ሥር ተቀምጦ ያውጃል። አዋጁ ሲነገር ሣር በሎቹ በእልልታ ይቀበሉታል። እነሱ እንኳ ከተፈጠሩ ጀምሮ ጾመኞች ናቸው፤ ቢሆንም ሌላው ሲከለከል መስማት ደስ ይላል። ንጉሡ በጾሙ ወቅት ከወትሮው እንደሚወፍር ሁሉም አይቷል። በረከት ነው ተብሎ ተተርጉሟል።

ጾሙ በትክክል መጾሙን የሚቆጣጠር ሹም አለ። ማዕረጉ ሊቀ መዓዛ ይባላል፤ ሹመቱን የያዘውም ጅብ ነው። ከጅብ የሚበልጥ አሽታች በአገሩ የለም ተባለ፣ እውነትም የለም። ሥራው ቀላል ነው። በማለዳ ጉባኤ የተጠረጠረ እንስሳ ፊቱ ቀርቦ አፉን ይከፍታል፤ ሊቀ መዓዛ አፍንጫውን ያስጠጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ "ሥጋ" ወይም "ንጹሕ" ይላል። "ንጹሕ" ያለበትን ቀን የሚያስታውስ ግን አላገኘሁም። "ሥጋ" የተባለው ንስሐ ለመግባት ወደ ሊቀ መዓዛ ዋሻ ይወርዳል። ንስሐው ሳይከብድ አይቀርም፤ ጨርሶ የተመለሰ የለም።

የሊቀ መዓዛን ጾመኝነት የማይመሰክር የለም። ጾም ከገባ ወንዝ ዳር አይደርስም፤ ፊትን ማቀዝቀዝ ከጾም በረከት ይቀንሳል ባይ ነው። በዋሻው ደጅ ያለፉ ውስጥ የሚንቋቋ ነገር ይሰማሉ። "ጉልበቱ ነው" ይባባላሉ፤ "ስግደት ያበዛል፣ ምስኪን።"

ጉባኤው በጸሎት ይከፈታል። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ፈጣሪ በደሉን እንዲተውለት ይለምናል፤ እሱም የሌላውን በደል እንደሚተው ቃል ይገባል። ቃሉ እስኪቀመጡ ድረስ እንኳ አይቆይም። ገና ሣሩ ላይ ሳይደላደሉ "ዛሬ ተራው የማን ነው?" ይላሉ።

ያን ቀን ተራው የከርከሮ ነበር። ከሳሿ ድኩላ ናት። አንድ ግልገሏ ጠፍቶባት በየሸለቆው ስትጣራ ሰንብታ፣ ድምፅዋ ሰልሎ፣ በመጨረሻ ከርከሮ ሥር በሚቆፍርበት ረግረግ ዳር ጥቂት የግልገሏን ፀጉር አገኘች። ሌላ ያየችው ነገር አልነበረም። ያዘነች እናት ከዚያ በላይ ባትመረምር አይፈረድባትም። ጉባኤው ግን አላዘነም፤ እሱም አልመረመረም።

"ጃንሆይ" አለች ድኩላ፣ "ልጄ ከዚህ ጭቃ ለባሽ ኋላ ሲሄድ ታይቷል። ፀጉሩንም ከደጁ አነሣሁት። ፍርድ ይሰጠኝ፣ ሌላ አልፈልግም።"

"ሲበላው ያየ አለ?" አለ ንጉሡ እያዛጋ።

ያየ አልነበረም። የሚናገር ግን ሞልቷል። አጋፋሪዋ ጦጣ ከቅርንጫፏ ወረደች።

"ማየት ለምን ያስፈልጋል ጃንሆይ? ይህን ፊት ማየት አይበቃም? እስቲ አሁን ይህ የጾመኛ ፊት ነው?"

ጉባኤው በሳቅ አውካካ። ከርከሮ እንደ እውነቱ ከሆነ መልከ መልካም አይደለም፤ ፊቱ ኪንታሮት ብቻ ነው፣ ጭቃውም ደርቆ ይረግፋል። ቀጥሎ ጃርት እሾሁን እያንቀጫቀጨ ተነሣ።

"እኔ በማንም መፍረድ አልወድም" አለ። በወይራ በር ንግግር እንዲህ ከተጀመረ አንድ ሰው ማለቁ ነው። "እኔ በማንም መፍረድ አልወድም፤ ነገር ግን ጭቃ ውስጥ ተንከባሎ የሚኖር ልቡን የት ሊያጥበው ነው? ጥርሱስ ቢሆን? ሥር ለመንቀል ይህን የሚያህል ጥርስ ምን ያደርጋል?"

"ልክ ነው! ጥርሱን እዩት!" አሉ ከወዲህም ከወዲያም። ይህን የሚሉት ሁሉ አንበሳው ፊት ተቀምጠው ነው። የእሱን ጥርስ ያነሣ ግን አልነበረም።

"ምን ትላለህ?" አለው ንጉሡ ከርከሮን።

"ጥርሴን መርጬ አልተወለድኩም፣ ጃንሆይ። ሥር እቆፍርበታለሁ። ግልገሉን አውቀዋለሁ፤ አልበላሁትም።"

አጭር መልስ በመሆኑ ጉባኤው ቅር ተሰኘ። ንጹሕ ቢሆን ብዙ ይናገር ነበር አሉ። ብዙ ቢናገርም ኖሮ ንጹሕ ምን ያስለፈልፈዋል ይሉ ነበር፤ ስለዚህ ለከርከሮ የሚቆጨው ነገር የለም።

ሊቀ መዓዛ ቀስ ብሎ ተነሣ። ከርከሮ አፉን ከፈተ። ጅቡ አፍንጫውን አስጠጋ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ በረጅሙ ሳበ።

"ሥጋ" አለ። ጥቂት አሰበና "ትኩስ" ብሎ ጨመረበት።

በአገሩ ወግ ከሳሽ ወደ ተፈረደበት ቀርቦ "እግዚአብሔር ይፍታህ" ይለዋል። ይህን ሲሰሙ ሁሉም ምሕረት ያደረጉ ይመስላቸዋል፤ አንዳንዶቹማ ያነባሉ። ከዚያ ሰውዬው ወደ ዋሻው ይነዳል። ድኩላም ይህንኑ ልትለው ወደ ከርከሮ ተጠጋች። ከርከሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እኅቴ፣ የምሄድበትን አውቀዋለሁ። አንድ ነገር ግን ሳልነግርሽ አልሂድ። ልጅሽ ጠዋት ጠዋት ከኋላዬ እየመጣ የቆፈርኩትን የቀጤማ ሥር ይለቃቅም ነበር። ሣሩ ደርቆ ወተትሽ እንደቀነሰ የነገረኝ እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ጣፋጭ ጣፋጩን እየተውኩለት እሄድ ነበር። ለእናቴ እንዳትነግራት፣ ታዝናለች አለኝ።"

ድኩላ ደንግጣ ቀረች። ልጇ በመጨረሻዎቹ ቀናት ሊጠባ ሲመጣ አፉ የማታውቀው ነገር ይሸታት ነበር፤ እርጥብ ጭቃና ጣፋጭ ሥር። ከየት እንዳመጣው ግራ ገብቷት ነበር።

ጎንበስ ብላ አፍንጫዋን ጤዛ በያዘው ሣር ላይ አሸች። ይህ የድኩሎች ሁሉ ልማድ ነው። እናት ግልገሏን ከሌላው ለመለየት መጀመሪያ የራሷን አፍንጫ ታጥባለች፤ አለበለዚያ ቀድማ ያሸተተችው ነገር ሁሉ የልጇ ጠረን እየመሰላት ትሳሳታለች። ከዚያ ከርከሮን አሸተተችው። እርጥብ ጭቃና ጣፋጭ ሥር።

"ጃንሆይ!" አለች ዘወር ብላ፤ የሰለለው ድምፅዋ ተሰነጠቀ። "ተሳስቻለሁ። ሐዘኔ የሚጣበቅበት ፈልጎ መልኩ ባላማረው ላይ ተጣበቀ። ይህ ሰው ልጄን አብልቶታል እንጂ አልበላውም። ሥጋም አልሸተተኝም።"

ሊቀ መዓዛ ፈገግ አለ። "እመት ድኩላ፣ አፍንጫዬ ተሳስቷል ማለትዎ ነው?"

"እኔን ያሽቱኝ" አለች።

አሸተታት። በዕድሜዋ ከሣርና ከቅጠል ሌላ ያልቀመሰችውን ድኩላ አሸተታትና "ሥጋ" አለ።

እዚህ ላይ አንባቢዬ አንድ ነገር ይጠብቅ ይሆናል። ጉባኤው አፍንጫውን የሚጠረጥር መስሎት ይሆናል። ወይራ በርን አያውቃትም!

"በላችው!" ብላ ጮኸች ጦጣ። "የገዛ ልጇን ራሷ በላችው! ፀጉሩንም ወስዳ ረግረጉ ዳር የጣለችው እሷ ናት! እኔ መጀመሪያም ዓይኗ አላማረኝም ነበር።"

"በማንም መፍረድ አልወድም..." ብሎ ጃርት ሊነሣ ሲል ድኩላ ቀደመችው።

"ጦጣንም ያሽቷት።"

ጦጣ ሳቀች፤ የሳቀችው ግን ብቻዋን ነበር። ሊቀ መዓዛ አንዴ ጀምሯልና ሹመቱ አስገደደው፤ አሸተታት። "ሥጋ" አለ፤ እሱም ራሱ ትንሽ የገረመው ይመስል ነበር።

ወዲያው ሁሉም አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ጃርትም የጀመረውን ንግግር ዋጠው። ለካ የፍርድን ነገር ለመመርመር ጊዜ ነበራቸው!

"ሊቀ መዓዛን የሚሸታቸው የራሳቸው አፍንጫ ነው" አለች ድኩላ። "እኔ በልጄ ላይ እንኳ እንዳልሳሳት አፍንጫዬን በጤዛ አብሳለሁ። እሳቸው በሰው ነፍስ ላይ ሲፈርዱ ኖረው አንድ ቀን ታጥበው አያውቁም። ወንዙ ይኸው። ይታጠቡና ደግመው ያሽቱን። ያን ጊዜ ሥጋ ካሉ እኔም ከርከሮም ወደ ዋሻው እንውረድ።"

"ይታጠቡ!" አለ ጃርት። "ይታጠቡ! ይታጠቡ!" አለ ሁሉም። ፍትሕ ናፍቋቸው እንዳይመስላችሁ። ተራቸው ስለደረሰ ነው።

"ጾም ነው፣ ጃንሆይ" አለ ጅቡ። "ውሃ መንካት..."

ንጉሡ ትንሽ አሰበ። አንድ ጅብ ቢዋረድ አገሩ ጅብ አያጣም። "ታጠብ" አለው።

ሊቀ መዓዛ ዋርካውን ታክኮ ወደሚያልፈው ወንዝ ወረደና አፍንጫውን ነከረ። ውሃው ቀላ። ስለ ውሃው ቀለም አስተያየት የሰጠ አልነበረም፤ ትንሽ ወርዶ ደግሞ ጠራ። ጅቡ ፊቱን እያራገፈ ተመለሰና ከርከሮን አሸተተ።

"ጭቃ" አለ። "ሥርም። የቀጤማ ሥር።"

ድኩላን አሸተታት። "ሣር..." ብሎ ቆመ፤ ከዚያ ሹመቱን የረሳ መሰለ። "ጥቂት ወተትም አለ። የሚጠባው ያጣ ወተት።" ድኩላ አንገቷን ደፋች። ሆዷን የበላትን አገሩ ሁሉ ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ የተናገረውም ጅብ ነው።

ይህን ጊዜ ከዋርካው በኩል ነፋስ ነፈሰ። የሊቀ መዓዛ አፍንጫ ሳይታዘዝ ወደ ንጉሡ ዞረና እዚያው ቀረ። ጉባኤው በሙሉ አፍንጫው ወዴት እንደዞረ አየ። ከዚያም የሚያይበት እንዳጣ ሁሉ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

"ሊቀ መዓዛ" አለ ንጉሡ በለስላሳ ድምፅ፣ "ምን ሸተተህ?"

ጅቡ አነጠሰ። "ምንም፣ ጃንሆይ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር መሰለኝ፣ ጉንፋን ያዘኝ።"

"ይማርዎ!" አለ ጉባኤው በአንድ ድምፅ። እንዲህ ተስማምተው የተናገሩበት ቀን አልነበረም።

ድኩላ ግን ወደ ንጉሡ አየች። ልትጮኽ ትችል ነበር፤ አፏም ተከፍቶ ነበር። ነገር ግን ያን ጠዋት በአንድ ቁንጣሪ ፀጉርና በአንድ ጅብ አፍንጫ አንድ ንጹሕ ልታስገድል ምንም አልቀራትም ነበር። አሁንም ያላት የዚያው ጅብ አፍንጫ ነው። ዘወር ብላ ወንዙ ዳር ተንበረከከችና በሁሉም ፊት አፍንጫዋን ነከረች።

"በሐሰት ከስሼሃለሁ፣ ወንድሜ። ይቅር በለኝ" አለችው ከርከሮን።

"እግዚአብሔር ይፍታሽ" አለ ከርከሮ። ይህ ቃል በዚያ ጉባኤ ማንም ሳይሞት ሲነገር የመጀመሪያው መሆኑ ነው። ከዚያ እሱም ወርዶ አጠገቧ ጭቃውን ታጠበ።

ድኩላ ውሃው ከፊቷ እየተንጠባጠበ ቀና አለች። "ጃንሆይ" አለች፣ "በእርስዎ አልፈርድም፤ አላየሁም። ወንዙ ግን ለሁላችንም ይበቃል።"

ሁሉም ንጉሡን አየ። ንጉሡ ወንዙን አየ። ከዚያ ተነሥቶ "ጉባኤው ተበትኗል" አለና ወደ ጥሻው ገባ። ከርከሮን ወደ ዋሻው የነዳው የለም። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ወደ ረግረጉ ሄዱ።

በማግስቱ አዋጅ ወጣ። ከወንዙ መጠጣት እንደ ወትሮው ተፈቅዷል፤ አፍንጫ መንከር ግን በብርቱ የተከለከለ ነው። አፍንጫውን ሳይነክር መጠጣት የቻለ ግን ከወይራ በር እንስሳት እስካሁን አልተገኘም። ሕጉን እንዲያስከብር ወንዙ ዳር የቆመው ሊቀ መዓዛ ነው፤ ሙቀቱ በርትቷል፣ እሱም ይጠማዋል።