የኤሊ ድንጋይ

ተረት ተረት ብያለሁ፤ ጆሮ ያለው በረቱን ይክፈት።

በአንድ አገር አንድ ምንጭ ነበር። ክረምት ያመጣው ደለልና ቋጥኝ ደፈነውና እንስሳቱ ሁሉ በጥም ተቃጠሉ። ግን ማንም አልነካውም። "ምንጩ የማን ነው?" ሲባል ሁሉም "የኔ አይደለም" ይል ነበር።

በመጨረሻ ጃርት መረራት። በየጎሬው እየዞረች፣ "ነገ ደቦ ነው! ቀንድ ያለው በቀንዱ፣ ጥፍር ያለው በጥፍሩ ይምጣ!" ብላ ጠራች።

በማግስቱ በሬ ቋጥኙን ገለበጠ፤ ጃርት ጭቃውን ጫረች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውኃው ፎለል ብሎ ወጣ። ሁሉም ሊጠጡ ሲያጎነብሱ ኤሊ ደረሰች። የተነሳችው ትናንት፣ ጥሪውን እንደሰማች ነበር።

"እሜቴ ኤሊ፣ ሥራው አልቋል፤ ይልቅ ውኃ ይጠጡ" አለ በሬ።

"ደቦ ተጠርቼማ ሳልሠራ ጉሮሮዬን አላረጥብም!"

ከምንጩ አፍ ላይ የቀረች አንዲት ድንጋይ አየችና በግንባሯ ትገፋት ጀመር። በደቦ ወግ ደግሞ አንዱ እየሠራ ሌላው አይጠጣም። በሬ ምራቁን እየዋጠ ቆመ። ጃርትም ቆመች። ድንጋይዋ በስንት ጊዜዋ ዳር ደረሰች።

ይሄኔ አንድ መንገደኛ ድኩላ መጣ። "ጠምቶኛል። ይህ ምንጭ የማን ነው?" ሲል ጠየቀ።

ኤሊ አንገቷን እስከ መጨረሻው መዘዘችና "የኔ ነው! ጠጣ፣ ልጄ!" አለችው።

በሬም ጃርትም አልሳቁባትም። እነሱም ያንኑ ሊሉ ነበር።

ተረቴን ለምንጩ መለስኩ፤ አፌን በውኃው አበስኩ።