የኩሩው ዓሣ ጾም

ልጄ ማሕደር በዐቢይ ጾም፣ «እማዬ፣ ዓሣችን ለምን አይጾምም?» ብላ ጠየቀችኝ። «ተረት አለኝ፤ ጆሮ አለሽ?» አልኳት።

በአንድ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ኩሩ ዓሣና ቀንድ አውጣ ይኖሩ ነበር። የተቀቀለ አተር ሲጣልላቸው ዓሣው፣ «የጾም ምግብ ላንቺ ነው፤ እኔ ከውጭ ከመጣው የቆርቆሮ ምግብ በቀር አልቀምስም» አላት።

«ቆርቆሮዎ እኮ ምድጃ አጠገብ ክፍቱን ተቀምጧል፣ ጌታዬ።»

«የውጭ ዕቃ አይበላሽም።»

እንፋሎት ገባበትና ምግቡ ሻገተ። ዓሣው ሆዱ ከጀርባው ሲጣበቅ፣ «እመቤቴ፣ ከአተሩ አልተረፈዎትም?» አላት።

«ተርፎኛል፣ ጌታዬ። ግን ጾም ይዘዋል፤ እንዴት ላስገድፍዎት?»

በማግስቱ ጠዋት የእኛን ቆርቆሮ ከምድጃው አጠገብ አንስቼ፣ ክዳኑን ገጥሜ ደረቅ ቦታ አስቀመጥኩት። ለወጥ ከቀቀልኩት አተርም ጨው ሳይገባበት ጥቂት ፍሬ አንስቼ ለዓሣችን ላጥኩለት።